ምዕራፍ 7፦ መሸኛ ያጣ አካውንት

ባለፈው ምዕራፍ ጠንካራ ፓስወርድ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ኮምፒውተሩም ፓስወርዱን ራሱን ሳይሆን አሻራውን ብቻ እንዴት እንደሚያስቀምጥ አይተናል። ያኔ አንድ ጥያቄ አቆይተን ነበር፤ ፓስወርዱ የጠፋበት ሰው ምን ያደርጋል? መልሱን ስልክ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። «ፓስወርድ ረስተዋል?» የሚለውን ይነካል፤ ወደ ኢሜይሉ ኮድ ይላክለታል፤ ኮዱን አስገብቶ አዲስ ፓስወርድ ያወጣል። ጉዳዩ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ አጭር መንገድ ግን አንድ ትልቅ ነገር ይዟል። ኢሜይሉን መክፈት የሚችል ሰው ፓስወርዱን ባያውቅም ወደ አካውንቱ ይገባል። ፓስወርዱን በቃሉ የሚያውቅ፣ ኢሜይሉን ግን ከፍቶ ማየት የማይችል ሰው ደግሞ አካውንቱ በእጁ የሚቆየው ማሽኑ «እርስዎ ማን ነዎት?» ብሎ እስኪጠይቀው ድረስ ነው። ያን ጥያቄ የሚያስነሳው አንዳንዴ አዲስ ስልክ መግዛት፣ አንዳንዴ አገር መቀየር ነው። ከሁሉም በላይ የሚያስነሳው ግን ኢሜይሉን ራሱን ለመቀየር መሞከር ነው። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወውም እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ኢሜይል ስለማይሠራ ሊቀይር ይመጣል፤ ለመቀየር ደግሞ በአሮጌው ኢሜይል የተላከውን ኮድ ይጠየቃል። ሰው ሲበሳጭ «ይሄ ማሽን አያስብም እንዴ?» ይላል። ማሽኑ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ከገባን ግን መውጫው የት እንደሆነም እናያለን።

አንድ አድራሻ፣ ሦስት ሥራ

አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በኔትወርክ ከተገናኙ ኮምፒውተሮች ከአንዱ ወደ ሌላው መልእክት ሲልክ፣ የተቀባዩን ስም ተቀባዩ ከሚጠቀምበት ማሽን ስም የሚለይ ምልክት አስፈለገው። «አት» የምንለውን ምልክት መረጠ። ከምልክቱ በፊት ያለው ሰውየው፣ ከኋላው ያለው ደግሞ መልእክቱ የሚቀመጥበት ቤት ነው። በዚያ ዘመን ኢሜይል አድራሻ ብቻ ነበር፤ ደብዳቤ የሚደርስበት ቦታ።

ድረ ገጾች በየዓይነቱ ሲበዙ ሁሉም ደንበኞቻቸውን የሚለዩበት ስም ፈለጉ። «አበበ» ብሎ መመዝገብ አይቻልም፤ ከእሱ በፊት ሌላ አበበ ተመዝግቧል። ኢሜይል ግን በተፈጥሮው በዓለም ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ሊኖር አይችልም። ስለዚህ አገልግሎት ሰጪዎቹ ኢሜይልን መጠሪያ ስም አደረጉት። ቀጥሎ ሰው ፓስወርዱን ሲረሳ የሚረጋገጥበት መንገድ አስፈለገ። ኮዱ ወዴት ይላክ? ያው ኢሜይል እዚያው አለ። በዚህ መልኩ አንዱ አድራሻ ስምም፣ መድረሻም፣ ማረጋገጫም ሆነ። ሦስቱን ሥራ ደርቦ እንዲሠራ ተቀምጦ ያሰበበት ሰው የለም፤ ቀስ በቀስ ተደራርበውበት ነው።

ኢሜይል ሲቀየር ታዲያ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። አዲሱን ስም ሌላ ሰው ይዞታል ወይ? ደብዳቤ ይደርስበታል ወይ? ይቀየርልኝ ያለው ሰው እውነተኛው ባለቤት ነው ወይ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማሽኑ በሰከንዶች ውስጥ ራሱ ይመልሳቸዋል። ሦስተኛውን ግን ብቻውን ሊመልሰው አይችልም።

የአሮጌው ወረዳ ማኅተም

አዲስ አበባ ውስጥ መኖሪያ ቀይሮ የሚያውቅ ሰው መሸኛን ያውቃል። ከልደታ ወጥቶ ጀሞ የገባ ነዋሪ አዲሱ ወረዳ እንዲመዘግበው መጀመሪያ ወደ ልደታ ይመለሳል። የድሮው ወረዳ መዝገቡን አውጥቶ ያያል፣ አሮጌውን መታወቂያ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ፎቶው ላይ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለአዲሱ ወረዳ ይጽፍለታል። በአዲሱ ወረዳ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ሰውየውን አይታው አታውቅም። የምታውቀው ማኅተሙን ነው። «ሠላሳ ዓመት ልደታ ኖሬያለሁ፤ እናቴም እዚያው ነው የወለደችኝ» ቢላት እውነት ሊሆን ይችላል፤ እሷ ግን መዝገብ የምትከፍተው በወረቀቱ ነው።

ኢሜይል ሲቀየር የሚሆነውም ይኸው ነው። አገልግሎት ሰጪው ሁለት ደብዳቤ ይጽፋል። አንዱ ወደ አዲሱ ኢሜይል ይሄዳል፤ «ይህ ሳጥን በእርግጥ ያንተ ከሆነ ይህን ኮድ መልሰህ ጻፍልኝ» ይላል። ሁለተኛው ወደ አሮጌው ይሄዳል፤ «ባለቤቱ ሊለቅህ ነው፤ ትሸኘዋለህ?» እንደማለት ነው። በደብዳቤው ውስጥ ያለው ኮድ ወይም ረጅም ሊንክ ማንም ሊገምተው የማይችል በዘፈቀደ የወጣ ቁጥር ነው። ማሽኑ የቁጥሩን አሻራና ጊዜው የሚያልፍበትን ሰዓት መዝግቦ ይጠብቃል። ቁጥሩ ሲመለስለት ሳጥኑን የከፈተ ሰው እንዳለ ያውቃል። የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ሳጥኑን የከፈተው ማን እንደሆነ የሚያይበት ዓይን የለውም።

የአሮጌው ኢሜይል ፈቃድ ባይጠየቅ ኖሮ፣ ተከፍቶ የቆየ ስልክ ለሦስት ደቂቃ እጁ የገባለት ሌባ ኢሜይሉን ወደ ራሱ ቀይሮ አካውንቱን ለዘለዓለም ይወስደው ነበር። ለዚህም ነው ትልልቆቹ አገልግሎቶች ለውጡን ሆን ብለው የሚያዘገዩት። ጎግል የማረጋገጫ ስልክ ወይም ኢሜይል ከተቀየረ በኋላ ለ7 ቀናት ያህል ኮዱን በአሮጌውም በኩል ሊልክ ይችላል። ማይክሮሶፍት ደግሞ የማረጋገጫ መረጃው በሙሉ የተተካ እንደሆነ 30 ቀን ያስጠብቃል። እውነተኛው ባለቤት በእነዚህ ቀናት ውስጥ ማስጠንቀቂያውን አይቶ «እኔ አይደለሁም» ማለት ይችላል። 30 ቀን መጠበቅ ያናድዳል፤ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። ተገቢ ያልሆነው ሌላ ነው፤ ብዙ አገልግሎቶች ለምን እንደሚያስጠብቁ አይናገሩም፤ «ስህተት ተፈጥሯል፣ ቆይተው ይሞክሩ» ብለው ዝም ይላሉ። ሰውም ስህተቱ የራሱ እየመሰለው ደጋግሞ ይሞክራል፤ ደጋግሞ ሲሞክር ደግሞ ማሽኑ ይጠረጥረዋል፤ አካውንቱንም ይቆልፍበታል።

«የከፈተልኝ ሌላ ሰው ነው»

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚሠራው አሮጌው ኢሜይል የሰውየው ከሆነ ነው። በእኛ አገር ግን የመጀመሪያ ኢሜይሉን ራሱ ያልከፈተ ሰው እጅግ ብዙ ነው።

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ አቤቱታ የሚጻፍባቸው፣ ፎቶ ኮፒ የሚነሣባቸው ትናንሽ ኮምፒውተር ቤቶች አሉ። በአንዱ ተቀምጬ ያየሁት ነገር የዚህን ምዕራፍ ጉዳይ በደንብ ያሳያል። አንዲት ወጣት ሥራ ለማመልከት ወደ ከፈተችው አካውንት መግባት አልቻለችም። ስክሪኑ ላይ «ኮድ ልከናል» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ የተላከበት ኢሜይል የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደሉ ብቻ ታይቶ መሀሉ በኮከብ ምልክቶች ተሸፍኗል።

«እህቴ፣ ይሄ ኢሜይል ያንቺ ነው?» አላት የኮምፒውተር ቤቱ ወጣት።

«የኔ ነው። ግን የከፈተልኝ ሌላ ሰው ነው።»

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለች የወንድሟ ጓደኛ ነበር የከፈተላት። ፓስወርዱን በወረቀት ሰጥቷት ነበር፤ ወረቀቱ የለም። ኢሜይሉ ሲከፈት በማረጋገጫነት የገባው ስልክ ቁጥርም የዚያው ጓደኛ ነው፤ እሱ ደግሞ አሁን ውጭ አገር ነው። ኮምፒውተር ቤቱ ውስጥ ያለው ወጣት ልምድ ስላለው አዲስ ኢሜይል ከፈተላትና በአዲሱ እንድትመዘገብ አደረገ። ስልክ ቁጥሯን ስታስገባ ግን ድረ ገጹ «ይህ ቁጥር ተመዝግቧል» አላት። አሮጌው አካውንት የሷን ቁጥር ይዞ ተቀምጧል፤ እሷ ግን ልትገባበት አትችልም። የትምህርት ማስረጃዎቿ በሙሉ እዚያ ናቸው።

ይህ የአንድ ሰው አጋጣሚ አይደለም። የአሜሪካን የቪዛ ዕጣ፣ የዲቪን ነገር ብናነሳ፣ ከዲቪ 2005 ጀምሮ ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ ሆኗል። በየዓመቱ የምዝገባው ወቅት ሲመጣ ኢንተርኔት ቤቶች በሰው ይሞሉ እንደነበር የማያስታውስ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ፎርሙ ኢሜይል ይጠይቃል፤ አመልካቹ ኢሜይል የለውም፤ የቤቱ ሠራተኛ ወይ አዲስ ይከፍትለታል ወይ የራሱን ይሞላለታል። የአሜሪካ መንግሥት መመሪያ አመልካቹ ራሱ የሚከፍተውን ኢሜይል እንዲሰጥ ይናገራል፤ ወረፋ ላይ ቆሞ ያን የሚያነብ ግን የለም። ፎርሙ አንዴ ከተላከ በኋላ አይታረምም፤ አስተካክላለሁ ብሎ ሁለተኛ ጊዜ የሞላ ደግሞ በሁለቱም ይሰረዛል። ውጤት የሚታይበትን ማረጋገጫ ቁጥር የጣለ ሰው ቁጥሩን መልሶ ለማግኘት ስሙን፣ የልደት ቀኑንና በፎርሙ የሞላውን ኢሜይል ይጠየቃል። ስሙንም የልደት ቀኑንም ያውቃል። ኢሜይሉን የሚያውቀው የኢንተርኔት ቤቱ ደብተር ነው።

እንዲህ ያለ ደብተር በእጄ ይዤ አይቻለሁ። የደንበኞች ስም፣ ኢሜይልና ፓስወርድ በሦስት ዓምድ ተጽፎበታል፤ ጥንቁቁ የቤቱ ሠራተኛ ያስቀመጠው ሰው ሲቸገር ሊረዳ ብሎ ነው። በማሽኑ ዓይን ግን የእነዚያ ሁሉ አካውንቶች ባለቤት ደብተሩን የያዘው ሰው ነው። በመሸኛው ምሳሌ ብንሄድ፣ ነዋሪው በልደታ ሲኖር የተመዘገበው በጎረቤቱ ስም ነበር ማለት ነው፤ መሸኛ የሚሰጠውም ለጎረቤቱ ነው።

ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በስልክ በኩል ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል። ከአገር ሲወጡ በ09 የሚጀምረው ሲም እዚሁ ቤት ይቀራል፤ ወይም ሳይሠራበት ይዘጋል። ኮዱ ግን አሁንም ወደዚያው ቁጥር ይሄዳል። ኦክቶበር 2022 ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር በ07 የሚጀምር ቁጥር አውጥቶ አሮጌውን የጣለ ሰውም እዚሁ ከተማ እየኖረ ያው ጣጣ ሊደርስበት ይችላል።

ወረዳው ራሱ ሲፈርስ

ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በልደታ 26 ሄክታር ገደማ የሚሆን ነባር ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየምና ትልልቅ ሕንፃዎች ተሠሩበት፤ ነዋሪው ወደ ተለያየ አቅጣጫ ተበተነ። ቀበሌዎችም ኋላ ተጠቃለው ወረዳ ሆኑ። ቢሆንም መዝገቡ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተሸጋገረ እንጂ ለሌላ ሰው አልተሰጠም። ኢሜይል ላይ ይህ ዋስትና የለም።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። አገልግሎቱን ብቻውን ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ለደንበኞቹ መጨረሻው «ቴሌኮም ነጥብ ኔት ነጥብ ኢቲ» የሆነ ኢሜይል ይሰጥ ነበር፤ ኋላ «ኢትዮኔት» የሚል መጣ። መሥሪያ ቤቶች፣ አስመጪዎች፣ ጠበቆች በደብዳቤያቸው ራስጌ ላይ የሚያሳትሙት ይህንኑ ነበር። በዚያ አድራሻ የተከፈተ አካውንት ባለቤቱ እያለ ቤቱ ስሙን ለወጠበት። ዛሬም በመሥሪያ ቤቱ ወይም በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል የግል አካውንት የሚከፍት ሰው ሥራ ሲለቅ ወይም ሲመረቅ ያው ይደርስበታል።

ከመፍረስ የባሰው ደግሞ ለሌላ መሰጠት ነው። ጁን 2013 ያሁ ከአንድ ዓመት በላይ ያልተከፈቱ ስሞችን መልሶ ለሌሎች ደንበኞች እንደሚያከፋፍል አስታወቀ። አዳዲሶቹ ባለቤቶች ሳጥናቸውን ሲከፍቱ ለቀድሞዎቹ የተጻፉ ደብዳቤዎች ይደርሷቸው ጀመር። መሸኛ የመጻፍ ሥልጣኑ ከነማኅተሙ ለማይታወቅ ሰው ተላለፈ ማለት ነው። «ፓስወርድ ረስተዋል?» የሚለውን የሚነካ ማንኛውም አዲስ ባለቤት የቀድሞውን ሰው ፌስቡክ ሊከፍት ይችል ነበር። ይህን ለመከላከል የያሁና የፌስቡክ መሐንዲሶች አንድ ላይ አዲስ አሠራር ነደፉ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓለም አቀፍ ደንብ ሆኖ ታተመ። ላኪው በደብዳቤው ራስጌ ላይ ቀን ይጽፋል፤ «ይህ ሳጥን ከዚህ ቀን ጀምሮ ባለቤቱ ካልተቀየረ ብቻ አድርስ» ማለት ነው። ብልህ መላ ነው፤ ግን ላኪውም ተቀባዩም ካልተቀበሉት አይሠራም።

ጂሜይል የተዘጋን ስም ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ በዚህ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያልተነኩ የግል አካውንቶችን ያጠፋል። ያሁም ለአንድ ዓመት ያልተከፈተ ሳጥንን ባዶ ሊያደርገው ይችላል። «ለማንኛውም ይኑር» ተብሎ የተተወ ኢሜይል አንድ ቀን አይኖርም።

በመዝገቡ ላይ ስም ነው ወይስ ቁጥር?

ወደ ማሽኑ ውስጥ ትንሽ እንግባ። በምዕራፍ 4 ዳታቤዝን ረድፍና ዓምድ ያለው ትልቅ መዝገብ ብለነው ነበር። እያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ረድፍ አለው፤ ረድፉን ከሌላው የሚለይ አንድ ነገርም ያስፈልጋል። አንዳንድ ፕሮግራመሮች መለያውን ኢሜይሉን ራሱን ያደርጉታል፤ ቶሎ የሚያልቅ መንገድ ነው። ያን ጊዜ የደንበኛው ክፍያ፣ ፋይል፣ መልእክት ሁሉ በሌሎች መዝገቦች ላይ በዚያ ኢሜይል ስም ይጻፋል። ኢሜይሉ ይቀየር ሲባል በመቶ ቦታ መቀየር አለበት፤ አንዱ ቦታ ከተረሳ የደንበኛው ታሪክ ይቆረጣል። «ኢሜይል መቀየር አይቻልም፤ አዲስ አካውንት ይክፈቱ» የሚል መልስ ከሚሰጡ አገልግሎቶች ብዙዎቹ ችግራቸው እዚህ ላይ ነው። ጥንቃቄ ቢያስመስሉትም መሠረቱ ሲጣል የተወሰደ አቋራጭ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ደንበኛው ነው።

ሌሎቹ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የማይለወጥ ቁጥር ይሰጣሉ። ኢሜይሉ በረድፉ ውስጥ እንደማንኛውም መረጃ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ሲቀየር አንድ ቦታ ብቻ ይቀየራል። ጎግል «በጎግል ግባ» የሚለውን ቁልፍ ለሚጠቀሙ ፕሮግራመሮች ኢሜይሉን መለያ እንዳያደርጉ፣ ይልቁንም የማይለወጠውን ቁጥር እንዲይዙ በግልጽ ይመክራል። የእኛ ብሔራዊ መታወቂያ ፋይዳም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕግ የቆመለት ባለ12 አኃዙ ቁጥር ሰውየው ስልክ ቢቀይር፣ ከልደታ ወደ ለሚ ኩራ ቢዛወር ያው ነው።

እግረ መንገድ አንዲት ትንሽ ነገር ላንሳ፤ ብዙ ሰው ስላስለቀሰች ነው። ጂሜይል በስሙ ውስጥ ያለችውን ነጥብ አይቆጥራትም፤ ነጥብ ያለውም የሌለውም አንድ ሳጥን ነው። ሌሎች ድረ ገጾች ግን ሁለት የተለያየ ሰው አድርገው ያዩታል። «ኢሜይሌን በትክክል ጻፍኩ፤ አካውንት የለም አለኝ» የሚል ሰው ሲመዘገብ ነጥብ አስገብቶ እንደነበር አስታውሶ ቢሞክር አንዳንዴ ይሳካለታል።

እማኝ ያለው መንገድ

መሸኛ የጠፋበት፣ መዝገቡ ያልተገኘ ነዋሪ በሰፈሩ የሚያውቁትን ሰዎች እማኝ ያቀርባል። ፋይዳም ሰነድ የሌለውን ሰው በምስክር ይመዘግባል። ማሽኑ ግን ጎረቤት አያውቅም፤ ጎረቤት እንዲያውቅ ካልተደረገ። ፌስቡክ ይህን ሞክሮ ነበር፤ ደንበኛው አስቀድሞ የመረጣቸው ጓደኞቹ ኮድ እየተቀበሉ ያነቡለታል፣ ኮዶቹን ሰብስቦ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን አገልግሎቱን ዘጋው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ተመሳሳይ ነገር ጀመረ፤ የታመነ ዘመድ ወይም ጓደኛ በስልኩ ላይ ኮድ አውጥቶ ይነግራል፤ የባለቤቱን ፋይል ግን ማየት አይችልም። እንደ እኛ ባለ፣ ስልክ በሚቀያየርበትና ሰው በሰው በሚታወቅበት አገር ይህ መንገድ ከሁሉም የተሻለ ይመስለኛል። የአገራችን ፕሮግራመሮች የክፍያ መተግበሪያና የመንግሥት አገልግሎት ሲሠሩ ይህን አለማሰባቸው ያስቆጨኛል።

አሮጌው ሳይዘጋ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ተግባር በቅደም ተከተል ላይ ያተኮረ ነው። መቀየር የሚገባው አሮጌው ኢሜይል ገና እየተከፈተ ሳለ ነው። ሥራ ሊለቅ ያሰበ ሰው የመልቀቂያ ደብዳቤውን ከማስገባቱ በፊት፣ ሊመረቅ ያለ ተማሪ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ሳይዘጋ፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሲሙ ኪሱ ውስጥ እያለ ይጀምር። በመጀመሪያ አዲሱን ይጨምር፤ ከአካውንቱ ወጥቶ በአዲሱ ይግባበት፤ ከዚያ በኋላ አሮጌውን ያውጣ። በአሮጌው ሳጥን መፈለጊያ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ወይም «ያረጋግጡ» የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ጽፎ ቢፈልግ፣ ለዓመታት በዚያ ኢሜይል የከፈታቸውን አካውንቶች አንድ በአንድ ያገኛቸዋል። ከባንክ ጋር የተያያዘው ይቅደም፤ ለሌሎቹ ቁልፍ ሆኖ የሚያገለግለው ኢሜይል ግን ከባንኩም ይቅደም።

ለእናቱ፣ ለታናሽ እህቱ ወይም ለደንበኛው አካውንት የሚከፍት ሰው ደግሞ የአካውንቱን ባለቤት ስልክ ቁጥር ያስገባ፤ የራሱ ቢቀልም እንኳ። ኮዱ በእሷ ስልክ ይምጣ፤ እሷ ታንብብለት፤ ፓስወርዱን እሷ በራሷ ጣት ትጻፍ። አሥር ደቂቃ ይጨምራል፤ ከኋላ ወረፋ ካለ ደግሞ ሰው ያጉረመርማል። ያን ቀን የተከፈተውን አካውንት ግን ከስድስት ዓመት በኋላም ቢሆን የምትከፍተው እሷ ናት።